ከውስጥ ማን ያየዋል?

ቴሌቪዥኑ እህቴን ሃያ አምስት ዙር አስሩጦ፣ ሦስተኛ አስገብቶ፣ እኛንም ግማሽ ሰዓት አስጠብቆ፣ ልክ ሜዳልያው አንገቷ ላይ ሊጠልቅ ሲል ፏፏቴ አሳየን። ፏፏቴ! ከማለዳ ጀምሮ አሥራ ሰባት ሰው በአንዲት ክፍል ታጭቆ፣ ግማሹ አልጋ ላይ፣ ግማሹ መሬት ላይ፣ አጎቴ ደግሞ ገና ባልተኮስኩት የደንበኛ ጨርቅ ላይ ተንሰራፍቶ (ተነሥ ቢሉት አይሰማ)፣ የመጨረሻዋን ዙር እየጮኸና እያለቀሰ ያሳለፈ ሰው ውሃ ሲወርድ ለማየት አልመጣም። መጀመሪያ ስርጭቱ የተበላሸ መሰለንና አጎቴ እዚያው እንደተቀመጠ እጁን ዘርግቶ ቴሌቪዥኑን በመዳፉ መታ መታ አደረገው። ፏፏቴው ቀጠለ። ለስለስ ያለ ሙዚቃም ጨምረውበታል። እማዬ፣ "ልጄስ? የት ወሰዷት?" አለች።

ያገኘቻት ጎረቤታችን ነርሷ ናት፤ ስልኳ ላይ። ሁላችንም አንገታችንን አስግገን ተደራረብንባት። ሦስት ሴቶች ከፍና ዝቅ ብለው ቆመዋል፤ ሦስተኛዋ የኛዋ ናት፣ በቅጥነቷ ሰፈሩ ሁሉ ሽቦ የሚላት ታናሽ እህቴ። የብሔራዊ ቡድኑን ሰማያዊ ጃኬት ገልብጣ ለብሳዋለች። ገበሩ ውጭ፣ የአገሩ ስም ውስጥ፣ ዚፑ እስከ አገጯ ተዘግቷል። እጇን አላነሣችም፤ አልጮኸችም፤ ቀጥ ብላ ፊት ለፊቷን ታያለች። ክፍሉ ጭጭ አለ። ጭጭ ያለው ነገሩ ስላልገባው አይደለም፤ በደንብ ስለገባው ነው። ዝምታውን የሰበረችው እማዬ ናት። መነጽሯን አስተካክላ ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠጋችና ወደ እኔ ዞረች።

"አንቺ፣ ይሄ ቀይ ክር ምንድን ነው?"

እውነቱን ለመናገር እኔም ከሁሉ ቀድሜ ያየሁት ክሩን ነው። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ሰው ፊት ሲያይ እኔ ስፌት አያለሁ። የስፖርት ጽሕፈት ቤቱ ሰዎች ጃኬቱን ለሽቦ የሰጧት ለአሎሎ ወርዋሪ በተለካ መጠን ነበር፤ እጅጌው ጣቷን ይውጣል፣ ጎኑ ሌላ ሰው ይጨምራል። ቀይሩልኝ ብትላቸው፣ "የምትሮጪው በካናቴራ፣ ጃኬቱ ምን ያደርግልሻል?" አሏት። ልትበር ጥቂት ሰዓት ሲቀራት ይዛብኝ መጣች። ገበሩን ፈትቼ፣ በሥርዓቱ አጥብቤ፣ መልሼ ልግጠመው ብል ግማሽ ቀን ይፈጃል። ስለዚህ ሙያውን የሚያከብር ሰፊ የማያደርገውን አደረግኩ፤ ከነገበሩ አንድ ላይ ሰፋሁት። ግራ ጎኑን እንደጨረስኩ ሰማያዊው ክር አለቀ። ቤት ያለችው የስፌት መኪናዬ ላይ የነበረው ቀይ ነው፤ የተማሪዎች ደንብ ልብስ ኮሌታ ስሰፋበት የተረፈ። "ቀይ ነው እኮ" አለች ሽቦ። "ከውስጥ ማን ያየዋል?" አልኳት። ሳቀች። ያኔ በእኔ ስንፍና የሳቀች መስሎኝ ነበር። ይኸው ስንት አገር ቁጭ ብሎ የእኔን የቀኝ ጎን ስፌት አየው።

ጃኬቱን ለምን እንደገለበጠችው ግን በሰፈራችን የማያውቅ የለም። ከቤታችን ጀርባ እኛም ከኛ በፊት የነበሩትም ሮጠው ያደጉበት ሜዳ ነበር፤ አሁን በቆርቆሮ ታጥሯል፣ ሕንፃ ይሠራበታል አሉ። ሠላሳ ዓመት እዚያ ሜዳ ላይ ሽቦን ጨምሮ ልጆች ሲያሠለጥኑ የኖሩት የስፖርት መምህር፣ እኛ ጋሽ ፊሽካ የምንላቸው፣ ቆርቆሮው ፊት ወንበር አምጥተው ተቀመጡ። ሌላ ያደረጉት ነገር የለም፤ ተቀመጡ። በሦስተኛው ቀን ከነወንበራቸው ወሰዷቸው። አምስት ወር አለፈ፤ ክስ የለ፣ ቀጠሮ የለ። ልብስ ሲገባላቸው የእስር ቤቱ በር ላይ ያሉት ጠባቂዎች ገልብጠው ኪሱንም ስፌቱንም ዳብሰው፣ እንደተገለበጠ ይሰጧቸዋል። እሳቸውም እንደተገለበጠ ይለብሱታል። የመጀመሪያ ቀን ሚስታቸው ባዩዋቸው ጊዜ አእምሯቸው የተነካ መስሏቸው አለቀሱ። "ምን ያስለቅስሻል? የገለበጠው ያስተካክለው" አሏቸው ጋሽ ፊሽካ። ሚስትየዋ ይህን ያወሩልን እኔ ሱቅ ውስጥ ነው። ሽቦ በርጩማው ላይ ተቀምጣ ነበር፤ "የገለበጠው ያስተካክለው" ብላ ለራሷ ደገመችው። ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ ለተደፋ ባልዲም፣ ለተቆረጠ መብራትም፣ ለነገር ሁሉ ይህንኑ ነው የሚለው።

ስለዚህ አሥራ ሰባቱም ሰው ገባው፤ ሲገባውም ጫማውን ፈለገ። አንዷ ድስት ጥጄ ነው የመጣሁት አለች፤ ገና ማለዳ ነው፣ ምኑን ነው የጣደችው? አንዱ ስልክ ተደወለለት፤ ስልኩ ግን አልጮኸም። ማለዳ በሩን ሳያንኳኩ ገብተው አንገቴን አንቀው የሳሙኝ ሰዎች ሲወጡ እጄን በጣታቸው ጫፍ ጨበጡኝ። የቆረስነው ዳቦ እንዳለ ቀረ። ነርሷ ብቻ ቆማ ቀረችና፣ "ጎበዝ ናት" አለች ቀስ ብላ፤ እሷም ይህን ብላ ግራ ቀኙን አየች። አጎቴ ከጨርቁ ላይ ተነሣ፤ ተመስገን። "ዝም አይነቅዝም። ማንም ቢጠይቅሽ አላየሁም በይ። ፏፏቴ ነው ያየሁት በይ" ብሎኝ ወጣ። የተጨማደደውን ጨርቅ አንሥቼ ወደ ሱቄ ሄድኩ። ምን ላድርግ? ቤት ብቀመጥ እማዬ ስለ ክሩ ልትገድለኝ ነው።

ሱቄ ከቤታችን ሁለት መንገድ ዝቅ ብሎ ነው፤ ሌላ አንድ መኪና፣ ሌላ አንድ ካውያ፣ አንድ በርጩማ፣ በሩ ላይ የተሰቀለ የማንም ያልሆነ ቀሚስ። ስደርስ የጋሽ ፊሽካን ሚስት በሩ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ቀኑ የጥየቃ ቀን ነው፤ ሱሪውን ሊወስዱ መጥተዋል። ይህን ሱሪ ሳጠብበው ሦስተኛዬ ነው። መጀመሪያ ሁለት ጣት፣ ቀጥሎ አንድ ጣት ተኩል፣ አሁን ደግሞ ሁለት ጣት። ሰውዬውን በዓይኔ ካየኋቸው አምስት ወር ቢሞላም፣ ምን ያህል እንደቀሩ የማውቀው በሜትሬ ነው። ሚስትየዋ ሁልጊዜ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚሉኝ፤ "ጨርቁን አትቁረጪው ልጄ፣ ወደ ውስጥ እጠፊው፤ ሲወጣ ይወፍራል።" እኔም አልቆርጠውም። ያን ቀን ግን ያንንም አላሉም። ሱሪውን ተቀብለው፣ በፌስታል አድርገው፣ "አየኋት" አሉኝና ሄዱ። አመሰግናለሁ እንዳይሉ ያደረግኩት እኔ አይደለሁም፤ እግዜር ይርዳት እንዳይሉ መንገዱ ጆሮ አለው። ጎኔ ያለው ጫማ ሰፊ መዶሻውን እንደያዘ ሁለታችንንም አየን፤ ከዚያ ምስማሩን እንደ ጠላቱ መታው።

ከአንድ ሰዓት በኋላ መኪና መጣ። ከስፖርት ጽሕፈት ቤቱ የተላከ ጎረምሳ፣ "ለእንኳን ደስ አላችሁ ነው የሚፈልጉሽ" አለኝ። ለእንኳን ደስ አላችሁ ሰው መታወቂያሽን ያዢ አይባልም። ኮሪደሩ ላይ ከሁለት ሰዓት በላይ አስቀመጡኝ፤ ግድግዳው ላይ የድሮ ሯጮች ፎቶ በተርታ ተሰቅሏል፣ አንዱ ቦታ ላይ ምስማሩ ብቻ ቀርቷል። የሽቦ ይሁን የሌላ አላወቅኩም። በመጨረሻ አስገቡኝ። ሦስት ወንዶች ጠረጴዛ ከበው ትልቅ ተደርጎ የታተመ ፎቶ ላይ አጎንብሰዋል። ጠጋ ብዬ ባይ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የእኔ ስፌት! የሽቦ ፊት የለበትም፣ ሜዳልያው የለበትም፤ ከብብት እስከ ወገብ የወረደችው ቀይ ክሬ ብቻ፣ እንደ ጣት ወፍራ። ሰው አፈረ ከተባለ እኔ ያን ጊዜ አፈርኩ።

"ይህ ቀይ መስመር የምን ምልክት ነው?" አለኝ አንደኛው።

"የክር ማለቅ ምልክት ነው።"

ቀልድ አይደለም አለኝ። እኔም አልቀለድኩም አልኩት። ግራው ለምን ሰማያዊ ሆነ፣ ቀኙ ለምን ቀይ ሆነ፣ ማን አዘዘሽ፣ ቀለሙን ማን መረጠው? አንዱ ደግሞ የስፌቱን ነጥብ መቁጠር ጀምሮ ነበር መሰለኝ፣ እርሳሱ ከንፈሩ ላይ ነው። ለሦስት ትልልቅ ሰዎች ክር ያልቃል፣ ክር የሚገዛው ከሱቅ ነው፣ ሱቁ ጠዋት ዝግ ነበር ብዬ ማስረዳት ነበረብኝ። በዚህ መሐል ዋናው ሰውዬ ገባ፤ ሱፉ ጥሩ ነው፣ ትከሻው ላይ ግን ልክ አይደለም። ሻይ አዘዘልኝ። "እህቴ" አለኝ፤ በየዐረፍተ ነገሩ እህቴ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ? ጠዋት ፏፏቴውን ያዘዘው እሱ ሳይሆን አይቀርም።

"እህቴ፣ እኛ እኮ ልጅቷን ነው የምንፈልገው። ሜዳልያ ነው ያመጣችው፤ አበባ ይዘን ልንቀበላት ነው የምንፈልገው" አለና የተተየበ ወረቀት ወደ እኔ ገፋ። አነበብኩት። ጃኬቱን ያስተካከልኩት እኔ እንደሆንኩ፣ በሙያ ጉድለት የተነሣ ውስጡንና ውጭውን ገልብጬ እንደሰፋሁት፣ በዚህም ምክንያት አትሌቷ በየት በኩል እንደሚለበስ መለየት አቅቷት በስህተት ገልብጣ እንደለበሰች፣ ለደረሰውም ሁሉ ይቅርታ እንደምጠይቅ ይላል። ከሥሩ ለፊርማዬ መስመር ተሠምሮልኛል። ወይ ጉድ! አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሰፍቼ፣ የአንድን ጃኬት ጀርባና ሆድ አላውቅም ብዬ ልፈርም!

"ዚፑስ?" አልኩት። ገና ለገና ስለ ጋሽ ፊሽካ የምናገር መስሎት ተዘጋጅቶ ነበር፤ ግራ ገባው። "የተገለበጠ ጃኬት የዚፑ መያዣ ወደ ውስጥ ነው የሚዞረው። እስከ አገጭ ለመዝጋት ጣት ከውስጥ ከትቶ፣ ትንፋሽ ይዞ፣ ቀስ እያሉ መጎተት ነው። በስህተት አይሆንም። ማንም ሰፊ ብትጠይቅ ይስቅብሃል።" አንተ አልኩት፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ፣ ምን ይመለሳል? እርሳስ የያዘው ሰውዬ ፎቶው ላይ ዚፑን ለማየት ሲያጎነብስ ዋናው በዓይኑ አቆመው። ከዚያ በኋላ እህቴ ማለቱን ተወው። "ወረቀቱን ይዘሽው ሂጂ። እስከ ነገ ጠዋት አስቢበት። ከፈረምሽ አየር ማረፊያ የምንቀበላት እኛ ነን። ካልፈረምሽ የሚቀበሏት ሌሎች ናቸው" አለኝ። ሻዩ ቀዝቅዟል፤ አልጠጣሁትም።

በእግሬ ነው የተመለስኩት። ልክ ነው፣ ጀግና መስዬ ነው የወጣሁት። መንገድ ላይ ግን ሽቦን ረገምኳት። ሠላሳ ጊዜ ስልክ ስትደውል ስለ ሆቴሉ አልጋ፣ ስለ አሳንሰሩ፣ ስለ ቁርሱ ስታወራ አንዲት ቃል ብትተነፍስ ምን አለ? ቢያንስ ገበሩን ፈትቼ በሥርዓቱ እሰፋላት ነበር። ደግሞም እውነቱን ልናገር፤ እዚያ ቢሮ ውስጥ ያልፈረምኩት ለጋሽ ፊሽካ ብዬ አይደለም፣ ለሜዳውም ብዬ አይደለም። ስፌት አታውቅም ስለተባልኩ ተናድጄ ነው። እህቴ እስር ቤት ልትገባ እኔ ስለ ዚፕ እከራከራለሁ።

ቤት ስደርስ አጎቴ ተመልሶ መጥቷል፤ ወሬውን ከየት እንደሰማ እሱ ያውቃል። ወረቀቱን ነጥቆኝ አነበበውና፣ "ይሄ ነው እንዴ? ይሄማ ምንም አይደል!" አለ። ምንም አይደል! እሱ እኮ አንድ ቀን ግድግዳ ጠምሞ ሠርቶ፣ መሬቱ ነው የጠመመው ብሎ አንድ ወር የተሟገተ ግንበኛ ነው። እማዬ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ የጠዋቱን ዳቦ በጨርቅ ትሸፍናለች፣ ትገልጣለች፣ መልሳ ትሸፍናለች። "ፈርሚ" አለችኝ በኋላ። "ስም ይመለሳል። ልጅ አይመለስም። አንቺን ስፌት አታውቅም ቢሉሽ ምን ትሆኛለሽ? ደግሞ ያ ቀኝ ጎን እንዳየሁት ከሆነ ብዙም አልዋሹም።" ተናድጄ መኪናዬን የምከድንበትን ጨርቅ መተኮስ ጀመርኩ። እስክሪብቶው ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ወረቀቱ አጠገቡ ነው። ሁለት ጊዜ ካውያውን አስቀምጬ እስክሪብቶውን አነሣሁት። እውነቴን ነው፤ እፈርም ነበር።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የጋሽ ፊሽካ ሚስት መጡ። ጠዋት ሰው ሁሉ ጥሎት የወጣውን በር ከፍተው ገቡና ከእማዬ ጎን ተቀመጡ። ባዶውን ፌስታል አራት ቦታ አጥፈው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። አጎቴ ወረቀቱን በክርኑ ሸፈነው።

"ዛሬ ጠባቂው፣ ያ ቁመተ ረጅሙ፣ ሱሪውን ገለበጠ" አሉ። "እንደ ወትሮው ዳበሰ፣ ስፌቱን አየ። ጨረሰ። ከዚያ ይዞት ቆመ። እኔ ምን አገኘብኝ ብዬ ፌስታሉን ጨበጥኩ። ለካ... እጁን በአንዱ እግር ከተተና ሳበው፤ በሌላውም ከተተና ሳበው። አስተካከለው። አጥፎም ሰጠልኝ። ቀና ብሎ ግን አላየኝም።"

እማዬ ዳቦውን መግለጥና መሸፈን ተወች። "ሰውዬውስ?" አለች።

"ሰውዬውማ ሱሪውን እየነካካ ነው የመጣው። አምስት ወር ገልብጦ ለምዶ፣ ኪሱን ፈልጎ ሲያገኘው ደነገጠ። ምን ተፈጠረ አለኝ። ልጅህ ሦስተኛ ወጣች አልኩት።" ሌላ አልጨመሩም። እማዬ ዳቦውን ቆርሳ ሰጠቻቸው፤ ተቀብለው በሉ።

ስልኩ የጮኸው እሳቸው ሊወጡ በር ላይ ሲደርሱ ነው። ሽቦ ናት። እማዬ ድምፁን ከፍ አድርጊው አለችኝ። "እታለም" አለችኝ ሽቦ፤ ታላቅነቴን የምታስታውሰው ስትፈራ ብቻ ነው። "ቡድን መሪው ወረቀት አምጥቶልኛል። እህትሽ ገልብጣ ሰፍታው ነው በይ ይለኛል። አንቺ እንደፈረምሽ ነገረኝ።"

"አልፈረምኩም" አልኩ። ከዚያ ወደ እማዬ አየሁ፤ ዓይኗ ስልኩ ላይ ነው። "ግን በያቸው። እህቴ ስፌት አታውቅም በያቸው። ምን ቸገረሽ፣ በያቸውና ነይ ብቻ።"

ሩቅ ነው፤ ድምፅ ለመምጣት ጊዜ ይወስዳል።

"ስፌትማ ታውቂያለሽ" አለች በመጨረሻ። "ክር መግዛት ነው የማታውቂው።" ከዚያ እዚያው ስልኩ ላይ ማልቀስ ጀመረች፤ እየሳቀች ነው የምታለቅሰው፣ ከልጅነቷ ጀምሮ እንደዚህ ናት። "እኔም አልፈርምም። ሐሙስ እገባለሁ። ለብሼው ነው የምወርደው፣ እንደተገለበጠ። ግን እባክሽ ሰማያዊ ክር ግዢ። አንድም ሰው ስለ ሜዳው አልጠየቀኝም፤ ጋዜጠኛው ሁሉ ስለ ቀዩ ክር ነው የሚጠይቀኝ። ቤት ከደረስኩ መጀመሪያ እሱን ትፈቺልኛለሽ።" ከደረስኩ አለች። እማዬም ሰምታታለች።

ስልኩ ተዘጋ። አጎቴ ባርኔጣውን ፈልጎ አጣው፤ ራሱ ላይ ነበር። እማዬ ተነሣችና ከመኪናዬ ላይ የቀይ ክሩን ማጠንጠኛ ነቀለችው። ማጠንጠኛው ላይ የተረፈው ጥቂት ነው። ወረቀቱን ከአጎቴ ክርን ሥር ስባ አወጣች፤ አንድ ጊዜ አጠፈችው፣ ሁለት ጊዜ አጠፈችው፣ ጥብቅ ብሎ ቁራጭ ካርቶን እስኪመስል አጠፈችው። ከዚያ ቀዩን ክር እላዩ ላይ መጠቅለል ጀመረች። ክሩ አልተወሳሰበባትም። ጨርሳ ጫፉን በጥርሷ በጠሰችውና የክር ቆርቆሮዬ ውስጥ ወረወረችው።

"ምን ታዪኛለሽ?" አለችኝ። "ሰማያዊው አልቋል አላልሽም? ሱቁ ሳይዘጋ ሂጂ እንጂ!"